ነጩ ሽቦ

የአባቴን መኪና ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ይህን ልጽፍ ስንት ጊዜ ቁጭ እንዳልኩ አላስታውስም፤ ሁልጊዜ ከሌላ ቦታ እጀምርና እሱ ጋ ሳልደርስ እተወዋለሁ። ዛሬ ከፊት አስቀድሜዋለሁ። ታናሽ እህቴ ልትዳር አንድ ቀን ሲቀራት፣ አርብ ከሰዓት፣ ሰዉ ሁሉ ጓሮ ለሰርጉ ሽንኩርት ሲከትፍ፣ እኔ ከመሪው ፊት ካለው ክሩስኮት ስር ተንጋልዬ አንድ ነጭ ሽቦ ነቀልኩ። ሆነ ብዬ ነው የነቀልኩት።

መኪናዋ አጭር ላንድሮቨር ናት፤ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች። አባቴ በጤና ረዳትነት ዕድሜውን የጨረሰበት የሚሲዮን ክሊኒክ እሱ ጡረታ ሲወጣ ለቀቀለት። ከተማችን ሺንሺቾ ውስጥ በእሷ ያልሄደ ሰው ጥቂት ነው። ምጥ የያዛት ሴት፣ ከዛፍ የወደቀ ገበሬ፣ ከሀደሮ ገበያ ዝንጅብሉን ይዞ መኪና ያመለጠው ነጋዴ፣ ሁሉም ከኋላዋ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። የሰፈሩ ሙሽራም ሁሉ የምትወጣው በእሷ ነው፤ ሹፌሩም አባቴ ነው። "በዚህች መኪና የወጣች ሙሽራ ተመልሳ አትመጣም" ይባል ነበር። እኔ በእሷ ተድሬ ወጥቼ ከአራት ዓመት በኋላ ሻንጣዬን ይዤ ተመልሻለሁ፤ ስለዚህ አባባሉ ላይ እምነት የለኝም። አባቴ ግን እኔን ከቁጥር አያስገባኝም፤ "የአንቺ ጥፋት የመኪናዋ አይደለም" ይላል።

ሆሳዕና ፊዚክስ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ ኤሌክትሪክን የማስተምራቸው ከመጽሐፍ ነው፤ እኔ የተማርኩት ግን ከዚያች መኪና ሆድ ውስጥ ነው። ልጅ ሳለሁ እጄ ትንሽ ስለነበረች ከክሩስኮቱ ጀርባ የሚገባው የእኔ እጅ ነበር። አባቴ ከውጭ ቆሞ እንደ ትምህርተ ክርስቶስ ያስደግመኛል። ነጩ ከቁልፉ ወደ ቦቢና ይሄዳል፤ ያለ እሱ ሞተሩ እሳት አያገኝም። አረንጓዴው ቤንዚንና ሙቀት ወደሚያሳዩት ጌጆች ይሄዳል። ጥቁሩ ማሳ ነው፤ ከመኪናዋ ብረት ጋር ይታሰራል። ስሳሳት እንደገና ከላይ ያስጀምረኛል።

ሽቦ የሚጠቀልለው ደግሞ በክሊኒክ ፕላስተር ነበር። የኤሌክትሪክ ናስትሮ ብገዛለትም አልነካውም። ይህ ፕላስተር ለኤሌክትሪክ አይሆንም ብዬ ብዙ ተከራክሬዋለሁ፤ ቁስል ሲጠቀልል የኖረ እጅ ግን ሌላ ነገር አይጥመውም። ሲጨርስ የፕላስተሩን ጫፍ ወደ ውስጥ ትንሽ ያጥፋታል። በቁስልም ላይ እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። "ነገ የሚፈታው ሰው አለ፤ ጫፉን ፍለጋ አይቸገር" ይል ነበር። ያችን እጥፋት በሰው እግር ላይም፣ በቧንቧ ላይም፣ በመነጽሩ እጀታ ላይም አይቻታለሁ።

ከሰርጉ ሦስት ሳምንት በፊት ደወለልኝ። "ሁለቱም ጌጅ ሞተዋል፤ የቤንዚኑም የሙቀቱም። እህትሽን ሳላደርስ መንገድ ላይ እንዳልቆም ነይና እይልኝ" አለኝ። ደስ አለኝ፤ እሱ እኔን ሲፈልግ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ በአንጋጫ በዱራሜ አድርጌ ደረስኩ።

ሁለት ጌጅ በአንድ ቀን ሲሞት እያንዳንዱን ለብቻ መፈለግ ሞኝነት ነው። እሱ ራሱ ክሊኒክ እያለ "በአንድ ቤት ሁለት ሰው በአንድ ቀን ከታመመ ወጡን ጠይቅ" ይል ነበር። እኔም ወጡን ጠየቅኩ። ለሁለቱም ጌጆች ኤሌክትሪክ መጥና የምትሰጥ አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ሳጥን አለች፤ የእሷ ማሳ የታሰረበት ብሎን ዝጎ ነበር። ፈትቼ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፤ መልሼ አሰርኩና ቁልፉን ከፈትኩ። ሁለቱም ቀስቶች ቀስ እያሉ ተነሱ። እንደ ልጅ ጮኼ ጠራሁት።

መጥቶ ተቀመጠ፤ ወደ ክሩስኮቱ ጎንበስ አለ። "አልተነሳም" አለ።

"ተነስቷል እንጂ! ይኸው፣ የቤንዚኑ ግማሽ ላይ ነው።"

"መብራቱ ደካማ ነው፤ ምን ይታያል?"

አምፖሉን ቀየርኩለት። በሁለተኛው ቅዳሜ መስታወቱ ደፍርሷል አለኝ፤ አውጥቼ አጠብኩት። ቀጥሎ ቀስቱ አይንቀሳቀስም አለ። እዚህ ላይ ትዕግስቴ አለቀ። ቁጣዬን የወረስኩት ከእሱ ነው፤ አብረን ስንነድ እናቴ ውሃ ይዛ ነው የምትቆመው። "ስልሳ ልጅ በአንድ ክፍል አስተምራለሁ፣ ሁሉም ይገባቸዋል፤ አንተን ብቻ ፊትህ ያለውን ማሳየት አቃተኝ!" አልኩት። በሩን ወርውሬ ዘጋሁ። እሱም በከምባትኛ እዚህ የማልጽፈውን መለሰልኝ። እናቴ ከበረንዳው "ተዪው፣ ልጄ፣ ተዪው" አለች። ድምፅዋ ውስጥ የነበረውን ነገር ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም።

በሰርጉ ሳምንት ፈቃድ ወስጄ ረቡዕ መጣሁ። የቤንዚኑን ጌጅ ከጀርባው ላጸዳው ብዬ ፈትቼ አወጣሁትና ከሹፌሩ አጠገብ ባለው ወንበር ተቀምጬ ጭኔ ላይ አኖርኩት። ጌጁ በነበረበት ቦታ ክብ ቀዳዳ ቀርቷል፤ በቀዳዳው ውስጥ ሽቦዎቹ ይታያሉ። አባቴ በዚህ መሃል መጣ። እርቅ ፈልጎ ነው፤ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ገብቶ ተቀመጠ፣ ቁልፉን ከፈተ፣ ወደ ክሩስኮቱ ጎንበስ ብሎ ትንሽ ቆየ።

"ይኸው!" አለ። "አሁን ግማሽ ላይ ቆመ። እጅሽ ይባረክ።"

ቀዳዳውን አየሁ። ጭኔ ላይ ያለውን ጌጅ አየሁ። እሱ ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ዞሯል፤ ዓይኑ ግን ከፊቴ ትንሽ ወደ ጎን ነበር ያረፈው። ከዚያ ከዛገ ብሎን ወዲህ ስፈትሸው የከረምኩት ለካ ደህናውን ነው። አባቴ ስኳር እንዳለበት ሁላችንም እናውቃለን፤ ዓይኑን እየበላው መሆኑን ግን ለማንም አልተናገረም።

"አዎ አባ፣ ግማሽ ነው" አልኩት።

እናቴ ዘንድ ሄድኩ። እሷ ድንች እየላጠች ነበር። አባ አያይም አልኳት። "አውቃለሁ" አለች፤ ቀና አላለችም።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ካቻምና ከመስቀል ወዲህ። ዛፉን ያየዋል፣ ቤቱን ያየዋል። ትንሹን ነገርና ፊት ለፊቱን ነው የማያየው። እኔ አጠገቡ ሆኜ እነግረዋለሁ።"

ያን ጊዜ ሁሉም ገባኝ። ከካቻምና ጀምሮ ያለ እናቴ አይነዳም ነበር። እሷም ከጎኑ ተቀምጣ አፏ አያርፍም፤ "ቀኝ ያዝ፣ ፍየል፣ ቀስ በል፣ ሰው፣ ድንጋይ።" እኔ ከኋላ ሆኜ ጭቅጭቋ መስሎኝ ለእሱ አዝንለት ነበር። የልጆች አባት ስትሆን ሚስት እንዲህ ታደርግሃለች እያልኩ ቀልጄበትም አውቃለሁ።

"ቅዳሜስ?" አልኳት። በእኛ ሰፈር የሙሽራ እናት ሙሽራዋን ተከትላ አትወጣም፤ ቤቷ ቀርታ እንግዳ ትሸኛለች። ከሹፌሩ አጠገብ ሙሽራዋ፣ ከኋላ ሚዜዎቿ ናቸው የሚቀመጡት። ከቤታችን እስከ ዱራሜ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ደግሞ ከድልድዩ በፊት ያ ቁልቁለት አለ፤ የሰርግ ቀን ሕፃናቱ ሁሉ መኪና ሊያዩ የሚሮጡበት።

ቢላዋዋ ቆመ። "ቅዳሜ እግዚአብሔር አለ" አለች። እንደገና መላጥ ጀመረች።

አርብ ጠዋት አባቴ መኪናዋን በሳሙና እያጠበ አገኘሁት። ሌላ ሰው ይንዳት አልኩት። ለምን አለኝ። ዓይንህ አልኩት። ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣለ።

"ዓይኔ ምን ሆነ?"

"አንተ ነህ 'በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም' እያልክ ሰው ስትቆጣ የኖርከው።"

"ይህን መንገድ ድንጋዩን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ።"

"ድንጋዩን ታውቀዋለህ። መሃል መንገድ ላይ የሚሮጠውን ልጅ ግን ከየት ታውቀዋለህ?"

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "የሰው ልጅ ሁሉ አድርሼ፣ የራሴን ልጅ ሌላ ያድርስልኝ? በአማቾች ፊት?" አለ። ቀጥሎም "ለእህትሽ እንዳትነግሪያት" አለኝ። ጨርቁን ከባልዲው ፈልጎ አወጣው፤ ሲፈልገው በእጁ ዳሰሳ ነበር። ከዚህ በላይ መናገር አልቻልኩም። ደፋር ነኝ እላለሁ፤ አይደለሁም። ሽማግሌ ሰብስቤ፣ እህቴን አስቀምጬ፣ "አባታችን አያይም" ማለት ነበረብኝ። አፌ እምቢ አለኝ፤ እጄን ላክሁት።

ነጩን ሽቦ የመረጥኩት እሱ ስላስተማረኝ ነው። ከቁልፉ ጋር ከተያያዘበት ቦታ ስቤ ነቀልኩት። እናቴ ከጓሮ ስትጠራኝ ደንግጬ ጫፉን እንኳ ሳልጠቀልለው፣ ራቁቱን እንደተንጠለጠለ ትቼው ወጣሁ።

ቅዳሜ እህቴ ነጭ ልብሷን ሰብስባ ከጎኑ ተቀመጠች። እልልታው ቀለጠ። አባቴ ሙሉ ልብሱን ለብሷል፤ ክራቫቱን እናቴ ናት ያሰረችለት። ቁልፉን አዞረ። ጌጆቹ ተነሱ፤ በደንብ ነው የተነሱት፤ ማስነሻው ሞተሪኖ ዞረ፤ ሞተሩ ግን አልተነሳም። ደገመ፤ ሠለሰ። ወንዶቹ ኮታቸውን አውልቀው ገፏት፤ እስከ አጥሩ ድረስ ወርዳ ቆመች። አንድ የሰፈራችን አዛውንት "ምነው፣ ያቺ በቅሎህ ዛሬ ልጅህን ልትለይ ነው መሰል አኮረፈች!" አሉት፤ ሰዉ ሳቀ። እኔ መስኮቱን ይዤ ቆሜ ነበር። እጄን ከመስኮቱ ማላቀቅ አቃተኝ።

አባቴ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ትንሽ ተቀመጠ። ከዚያ ወጣ፣ ዞሮ የእህቴን በር ከፈተላትና እጇን ይዞ ለሙሽራው ሚዜ አስረከባት። "መኪናዋ ደክሟታል፤ አትግፏት" አለ። እህቴ በሙሽራው ወገን መኪና እያለቀሰች ሄደች። ምስኪን፣ ያለቀሰችው ለመኪናዋ ነበር። አባቴ የባዶዋን መኪና በር እንደያዘ ጡሩምባው እስኪርቅ ቆመ። እናቴ መጥታ በሩን ከእጁ ወሰደችና ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው ለመናገር የምቸገረው። በማግስቱ "ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሽ ፈልጊልኝ" አለኝ። በወር ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም ሦስት፣ ከሆሳዕና እየሄድኩ እኔው ራሴ ያጠፋሁትን ፈለግኩ። መኪናዋ አቮካዶው ዛፍ ስር ቆማለች፤ ዶሮዎች ከሥሯ ይተኛሉ። እኔ ከክሩስኮቱ ስር እንጋለላለሁ። እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ባለ አምፖሏን የኤሌክትሪክ መፈተሻ ይዞ ቀለሞቹን ይጠራል።

"አረንጓዴውን አየሽ?"

"አየሁት።"

"ጥቁሩ ጠብቋል?"

"ጠብቋል።"

"ነጩስ? ደህና ነው?"

"ደህና ነው" እላለሁ። እሱም ራሱን ነቅንቆ ወደሚቀጥለው ያልፋል። አባቴን በልጅነቴ ዋሽቼው አላውቅም፤ ስለሚያውቅብኝ ነው። በአርባ ዓመቴ ጀመርኩና በየሁለት ሳምንቱ ዋሸሁት። በምሳ ሰዓት እናቴ ቆጮውን ስታቀርብ ፊቱን ማየት ያቅተኝ ነበር፤ እንደማያየኝ እያወቅኩ አቀረቅራለሁ።

ዱራሜ ሁለት ጎበዝ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኞች አሉ፤ አባቴ አንዳቸውንም አልጠራም። ሰው መኪናዋ ምን ሆነች ሲለው "ልጄ እየፈለገችው ነው" ይላል። ለምን አትነዳም ብሎ የሚጠይቀው የለም። እኔ ግን መሳቂያ ሆንኩ። "ሴት በዘጠኝ ወር ልጅ ትወልዳለች፤ የፊዚክስ መምህሯ በዘጠኝ ወር ሽቦ አላገኘችም" ብለው የሰፈሩ ሴቶች ቀለዱብኝ። ይገባኛል ብዬ ዋጥ አደረግኩት። ዓይን ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስለው አለመከራከሩ ብቻ ገርሞኛል። ሐኪሟ የሄደው የዓይኑ ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን ለማቆየት እንደምትሞክር ነገረችን። ለብዙ በሽተኛ ይህንኑ የተናገረ ሰው ነውና አመስግኗት ወጣ።

እህቴ ስትወልድ ባሏ አማቹን ሊያስደስት አሰበ። አርብ ደወለልኝና "ከአዲሎ ከተማ ስሙ የወጣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አግኝቻለሁ፤ እሁድ ይዤው እመጣለሁ፤ አንቺም ትገላገያለሽ" አለኝ። ስሙ የወጣ ቀርቶ ትናንት ሥራ የጀመረ ሰው እንኳ የተነቀለ ሽቦ በአምስት ደቂቃ ያገኛል። "ይህን ሰው ነቅሎታል" ይላል፤ በእህቴ ባል፣ በእናቴ፣ በአባቴ ፊት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔው እውነት እሁድ ሊጠራ ነው። ቀድሜ ሽቦውን ልመልሰው ብል ደግሞ መኪናዋ ትነሳለች፤ ቁልፉ ያለው በአባቴ ኪስ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ቆረጥኩ፤ ሽቦውን እመልሰዋለሁ፣ ከዚያ ከክሩስኮቱ ስር ወጥቼ እግሩ ስር ቁጭ እላለሁ፣ ሁሉንም እነግረዋለሁ።

በርጩማው ላይ ነበር። ሰላም ብዬው ገባሁ። ተንጋለልኩና እጄን ከቁልፉ ጀርባ ሰደድኩ። ለዘጠኝ ወር ያልነካሁት ቦታ ነው፤ ያን ሽቦ እፈራው ነበር። ጣቴ የጠበቀው ባዶ የመዳብ ጫፍ ነው። ያገኘው ጨርቅ ነገር ነው።

ስልኬን አብርቼ አየሁ። ነጩ ሽቦ ጫፉ ላይ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ፕላስተሩ አዲስ አይደለም፤ ዳር ዳሩ ጠቁሯል፣ አቧራ ጠጥቷል፣ ወራት ቆይቷል። ከቁልፉ የተነቀለ ሽቦ ነው፤ ኤሌክትሪክ አይደርስበትም፤ መጠቅለል እንኳ አያስፈልገውም ነበር። ግን ልክ እንደ ቁስል፣ ዙሩ አንዱ ካንዱ ሳይበልጥ፣ በጥንቃቄ ተጠቅልሏል። የፕላስተሩ ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፋለች።

መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ይህን ሁሉ ቅዳሜ! ነጩስ ደህና ነው እያለ ሲጠይቀኝ! መልሼ ላስበው ስሞክር ንዴቱ ተሰባበረብኝ። የማያይ ሰው ብቻውን መጥቶ፣ ከዚህ ስር ገብቶ፣ በእጁ ዳስሶ አግኝቶታል። መልሶ ሊያስረው ይችል ነበር፤ ያስተማረኝ እሱ ነው። አልመለሰውም። እጅጌዬን ነክሼ አለቀስኩ፤ እንዳይሰማኝ።

"ተገኘ?" አለኝ ከውጭ።

"አልተገኘም፣ አባ።"

"ነጩን አየሽው?"

"አየሁት።"

"ደህና ነው?"

ጣቴ የታጠፈችው ጫፍ ላይ ነበር። "ደህና ነው" አልኩት። "በደንብ ተጠቅልሏል።"

ከአቮካዶው ላይ አንድ ቅጠል ወድቆ የመኪናዋን ጣሪያ ሲመታ ሰማሁ።

"እንግዲያው ለእህትሽ ባል ደውዪለት" አለኝ። "ሰው እንዳያመጣ። ልጁ እየፈለገችው ነው በዪው።"